ከፍሎ የተገላገለ ሰው ዕዳ አለበትን?

በሐብሩ ወረዳ፣ ግራና ላይ፣ የጭቃ ቤቱን ግድግዳ ሊያስመርግ የተነሣ ሰው ሁለት መንገድ አለው፦ ወይ ከፍሎ ሠራተኛ መቅጠር፣ ወይ ጎረቤቱን ለደቦ መጥራት። «ታዲያ ከፍሎ ቢገላገል ምን አጠፋ?» ትሉኝ ይሆናል። ገንዘቡ የራሱ ነው። እኔን ግን ነገሩ እንዲህ በቀላሉ አይዋጥልኝም።

ደቦ ወጪ የለውም የሚሉ ደግሰው አያውቁም። እንጀራና ወጡ፣ እንደየቤቱ ሃይማኖት ጠላው ወይም ቃሪቦው፣ ከጠሪው ጓዳ ይወጣል። ወንፈልማ ጭራሽ የጉልበት ብድር ነው፤ ዛሬ የሠራልህ ነገ ይጠብቅሃል። (ቆርቆሮና ምስማር ያው ከገበያ ነው፤ እሱን ደቦ አያመጣውም።)

እንግዲህ አቅም ያለው ሁሉ እየከፈለ ቢቀር፣ ጭቃና ጭዱን የሚረግጠው ጎረምሳም አብሮ ይቀራል። መቅጠሪያ የሌላት መበለት ብትጠራ ማን ይመጣላታል? ክረምቱ እንደሆነ አይጠብቃት።

እኛስ፣ ጓዶች? ሥራ ስንይዝ ለእናታችን ቤት ማሳደሻ ብር እንልካለን፤ ደግ ነው። የጎረቤቷን ግድግዳ ግን ብራችን አይመርገውም። በበኩሌ ከፋዩም ቢሆን ለጎረቤቱ አንድ ቀን ጭቃ ሊያቦካ ይገባዋል እላለሁ። አንድ ወዳጄ «ግዴታ ካልከው ደቦነቱ ቀረ» ይለኛል። ለመሆኑ ደቦ ተጠርቶ የቀረ ሰው በማግስቱ በየት በኩል እንደሚያልፍ አይቶ ያውቃል?