ያወቀ ለጠየቀ ምን ዕዳ አለበት?

በሕዝባችን ዘንድ ስለ ጥያቄ ከሚነገሩት ምሳሌያዊ አነጋገሮች አንዱ «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» ሲል፣ ሌላው ደግሞ «ዝም አይነቅዝም» ይላል። ሁለቱም በአንድ ቤት ውስጥ ይሰማሉ። ልጃችንን ወደ ትምህርት ቤት ስንልከው የመጀመሪያውን እንመክረዋለን፤ በትልልቅ ሰዎች መካከል ሲቀመጥ ደግሞ ሁለተኛውን እናስታውሰዋለን። ካደገ በኋላ የትኛው መቼ እንደሚሠራ ለመለየት ቢቸገር አያስደንቅም። እኛም ዛሬ የምንመለከተው እነዚህ ሁለት አነጋገሮች ፊት ለፊት የሚጋጠሙበትን አንድ አዲስ መስክ፣ ይኸውም ስለ ኮምፒዩተር አሠራር የሚቀርበውን ጥያቄና መልስ ነው። ጉዳዩ የባለሙያዎች ብቻ መስሎ የሚታየው አንባቢ ቢኖር ጥቂት እንዲታገሠን እንለምናለን፤ ከሥሩ ያለው የምግባር ጥያቄ ነውና።

ማንኛውም ኮምፒዩተር ሥራውን የሚመራለት፣ በተለምዶ ኦፕሬቲንግ ሲስተም የምንለው ሥርዓተ ክወና ያስፈልገዋል። አንዳንዱ ሥርዓት በገንዘብ ይሸጣል፤ የውስጥ አሠራሩም የኩባንያው ምስጢር ነው። ሌላው ግን ማንም ሰው በነፃ እንዲወስደው፣ ውስጡን እንዲመረምረውና እንዲያሻሽለው የተፈቀደ ነው። ከዚህኛው ወገን ስሙ የገነነው ሊኑክስ ሲሆን፣ በጥያቄ ተጀመረ ቢባል ማጋነን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1991 ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ አዲስ ሥርዓት በመሥራት ላይ መሆኑን ለመሰሎቹ ገልጾ፣ ምን ምን ቢኖረው እንደሚወዱ ጠየቃቸው። በዚህ ሥራ ላይ ከተመሠረቱት ሥርዓቶች አንዱ፣ ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ እ.ኤ.አ. በ2004 ያስጀመረው ኡቡንቱ ነው፤ ስሙ በደቡባዊ አፍሪካ ቋንቋዎች ሰብአዊነት ማለት ነው። ከ2005 እስከ 2011 ድረስም ሥርዓቱን የያዘው ሲዲ ለጠየቀ ሁሉ፣ የትም አገር ቢሆን፣ የፖስታ እንኳ ሳይከፈልበት ይላክ ነበር።

እንግዲህ ችግሩ እዚህ ላይ ይነሣል። ከነጋዴ የገዛ ሰው ዕቃው ቢበላሽበት ወደ ሻጩ ሄዶ መልስ የመጠየቅ መብት አለው። በስጦታ የወሰደ ሰው ግን ወደ ማን ይሄዳል? ሊሄድ የሚችለው በፈቃዳቸው ወደሚመልሱ፣ ደመወዝ ወደማይከፈላቸው፣ ፊታቸውንም ወደማያውቃቸው ሰዎች ነው። እነርሱ የመመለስ ግዴታ አለባቸውን? እርሱስ ከተመለሰለት በኋላ ባለዕዳ ነውን?

በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉትንና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ የተጠቃለሉትን ገላንን፣ ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን እናስብ። በገላን የምትኖር አንዲት ወጣት ያገለገለ ኮምፒዩተር አገኘች እንበል። የሚሸጠውን አዲሱን ሥርዓት የማይሸከም አሮጌ በመሆኑ ኡቡንቱን ጫነችበት። ሁሉም መልካም ሆነ፤ ነገር ግን በአማርኛ መጻፍ አልቻለችም። መልስ ሊሰጡ የሚችሉት ሰዎች የሚግባቡት በእንግሊዝኛ ነው፤ እንግሊዝኛ ደግሞ ለእርሷ ከአፋን ኦሮሞና ከአማርኛ ቀጥሎ ሦስተኛ ቋንቋዋ ነው። ጥያቄዋን ትጽፋለች፣ ትሰርዛለች፣ ሰዋስዋ ያስቅብኛል ብላ ትተወዋለች። በመጨረሻም ለአክስቷ ልጅ ትደውላለች። እርሱም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጥቶ በጥቂት ደቂቃ አስተካክሎላት፣ ቡና ጠጥቶ ይሄዳል።

በዚህ ላይ ምን ነቀፋ ይገኛል? ምንም። ይህ የዝምድና ወግ ነው፤ በከተማ ኑሮ እየሳሳ ያለውን ይህን ወግ ልናደንቀው ይገባል። ሆኖም አንድ ነገር ጠፍቷል። በዚያው ሳምንት በሰበታ ያለ ሌላ ወጣት ያንኑ ችግር ከሀ ብሎ ይጀምረዋል፤ እርሱ ደግሞ የሚያውቅ የአክስት ልጅ የለውም ይሆናል። ወዳጅ ለወዳጅ በቃል የነገረው መልስ ከቤቱ ደጃፍ አይወጣም። በአደባባይ የተጻፈ መልስ ግን መላሹ ለማያውቀው፣ ምናልባትም ገና ላልተወለደ ሰው ይደርሳል።

የዚያ የአክስት ልጅ ዕውቀትስ ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. እስከ 1990ዎቹ ድረስ የኢትዮጵያን ፊደል በኮምፒዩተር ለመጻፍ እያንዳንዱ ሠሪ የራሱን አሠራር ይከተል ስለ ነበር፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም ነበር። በ1999 ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት በ3ኛ እትሙ 345 የግዕዝ ፊደላትንና ምልክቶችን ሲቀበል ነገሩ መስመር ያዘ። ከዚያ ቀደም ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ፊደላችንን በላቲን መርገጫ ለመጻፍ የሚያስችል ሴራ የተባለ አሠራር ነድፈው ነበር፤ ዛሬም በሊኑክስ ላይ አማርኛ የሚጽፉ ሰዎች ከሚጠቀሙባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ነው። የአክስቷ ልጅ ያስተካከለላት በዚህ ነው። እነዚያ ሰዎች ለእያንዳንዳችን ቤት ለቤት እየዞሩ ቢነግሩን ኖሮ ከስንት ሰው ይደርሱ ነበር?

ወደ መላሾች ደግሞ እንመለስ፤ በእነርሱም ዘንድ ያለው ሁሉ ወርቅ አይደለምና። እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካዊው ኤሪክ ሬይመንድ ስለ መልካም አጠያየቅ የጻፈው መመሪያ በእነዚህ ሰዎች መካከል እጅግ የታወቀ ነው። ጠያቂው አስቀድሞ ራሱ እንዲፈልግ፣ ያደረገውንና የታየውን በትክክል እንዲገልጽ፣ የትኛውን እትም እንደሚጠቀም እንዲናገር ይመክራል። ምክሩ ትክክል ነው፤ የሌላውን ሰው ጊዜ ማክበር የፍቅር አንድ ወገን ነውና። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለ ምክር በእልኸኛ ሰው እጅ ሲገባ ጅራፍ ይሆናል። ጀማሪው በተሰባበረ እንግሊዝኛ ሲጠይቅ «መመሪያውን አንብብ» ተብሎ ይባረራል። ከዚህም የከፋ አለ፤ ለጀማሪ የኮምፒዩተሩን ፋይሎች ጠራርጎ የሚያጠፋ ትእዛዝ እንደ መልስ አቅርበው የሚሳለቁ ተገኝተዋል። በእኛ አስተያየት ይህ ቀልድ ሳይሆን አደራ መብላት ነው፤ የሚጠይቅ ሰው ራሱን ለሚመልስለት አሳልፎ ሰጥቷልና። ቶርቫልድስ ራሱ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2018 ለባልደረቦቹ ይጽፋቸው ስለ ነበሩት ሻካራ ቃላት በይፋ ይቅርታ ጠይቆ ለጥቂት ጊዜ ከሥራው ገለል ብሎ ነበር። በዚያው ወር ሠራተኞቹ የሥነ ምግባር ደንብ ተቀበሉ።

የመላሹ መሰልቸት ግን ከክፋት ብቻ የሚመጣ አይደለም። አንድን ነገር መቶ ጊዜ መመለስ ያደክማል፤ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ400 ገደማ ዴዎግራሲያስ የተባለ የካርቴጅ ዲያቆን በዚሁ ድካም ተይዞ ለቅዱስ አጎስጢኖስ ጻፈ፤ ለጀማሪዎች ሲያስተምር ንግግሩ ለራሱም እንደሚሰለቸው ገልጾ ምን እንደሚያደርግ ጠየቀው። ቅዱሱም የብዙ ሥራ ባለቤት ሳለ በአጭር ቃል አልሸኘውም፤ ሙሉ መጽሐፍ ጻፈለት። ከሰጠው ምክር አንዱ እንዲህ ያለ ነው፤ እኛ ሁልጊዜ የምናልፍበትንና ልብ የማንለውን የከተማችንን ውበት ለእንግዳ ስናሳይ፣ በእንግዳው መደነቅ ምክንያት ለእኛም አዲስ ይሆንልናል፤ በፍቅር ከጀማሪው ጋር አንድ የሆነ መምህርም አሮጌው ነገር እንዲሁ ይታደስለታል። ልብ እንበል፤ ጥያቄው የአንድ ዲያቆን ነበር፤ መልሱን ግን ከ1,600 ዓመታት በኋላ እኛም እናነበዋለን።

ጠያቂውም ነፃ አይደለም። ችግሩን ከገለጸ በኋላ ሌሎች ሲደክሙለት ሰንብተው፣ «ተፈታልኝ፤ አመሰግናለሁ» ብሎ እንዴት እንደ ተፈታ ሳይናገር የሚጠፋ አለ። ምስጋናው መልካም ነው፤ ነገር ግን በሩን ከኋላው ዘግቶ ሄዷል። በቀደሙት የቤተ ክህነት ትምህርት ቤቶቻችን የበረታው ተማሪ ለጀማሪው ያስቀጽል ነበር፤ ለመምህሩ ያለበትን ዕዳ የሚከፍለው ለመምህሩ ሳይሆን ከበታቹ ላለው ነው። ለማይታወቅ ሰው የተሰጠ ስጦታ በሌላ መንገድ ሊመለስ አይችልም። ይህ ማለት ግን ያወቀ ሁሉ ቀንና ሌሊት ይመልስ ማለት አይደለም። በፈቃዱ የሚሠራ ሰው የሚያርፍበት ሰዓትና ዝም የሚልበት መብት አለው፤ በቁጣ ከመመለስም ዝምታው ይሻላል። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው አነጋገር ምናልባት ቦታው እዚህ ላይ ነው።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ብዙ ወጣቶች ጥያቄያቸውን ለሰው ማቅረብ ትተው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለተባለው መሣሪያ ያቀርባሉ። መሣሪያው አይቆጣም፣ በሰዋስውም አይስቅም፤ በዚህ የገላኗ ወጣት ብትጽናና አንፈርድባትም። ይሁን እንጂ መሣሪያው የሚያውቀው ሰዎች በአደባባይ ጽፈው ካኖሩት ነው፤ የሚመልሰው ግን ለአንድ ሰው ለብቻው ነው፤ አንዳንዴም የተሳሳተውን በሙሉ ልብ ይናገራል፤ በዚያን ጊዜ አይቶ የሚያርመው ሁለተኛ ሰው በአጠገቡ የለም። በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ የተጻፈው ደግሞ በእንግሊዝኛ ከተጻፈው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። ያ የአክስት ልጅ በመጪው እሑድ ለሌላ ዘመድ ያንኑ ሥራ ሊሠራ ሲሄድ፣ ያደረገውን በአንድ ገጽ በራሱ ቋንቋ ጽፎ ሰው ሁሉ በሚያገኘው ስፍራ ቢያኖረው፣ ከግማሽ ሰዓት የበለጠ አይወስድበትም ነበር።