የቢላዋ ዋጋ

በባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ተቀምጬ በመንጠቆ ሁለት ቆሮሶ ያዝሁና እንዲያዘጋጅልኝ ለአንድ ጐልማሳ ሰጠሁት። ቆዳውን ገፎ ሥጋውን ከአጥንቱ ለይቶ ሲያበቃ 50 ብር ጠየቀኝ። በዛብኝና «ዓሣው የራሴ አይደለምን?» ብዬ 30 ብር አቀረብሁለት።

«ዓሣውማ የርስዎ ነው ጋሼ፤ ታዲያ ቢላዋውን ይያዙና ይሞክሩት» አለኝ።

ያን ጊዜ የወይጦዎች ነገር ትዝ አለኝ። ወይጦዎች ቀድሞ በዚሁ ሐይቅ ጉማሬ ያድኑ ነበር። አንባቢ ሆይ፣ ጉማሬ ከ1000 ኪሎ በላይ የሚመዝን አውሬ ነው፤ መውጋቱ የአንድ አፍታ ድፍረት ሲሆን፣ ከውሃ ጎትቶ ማውጣቱ፣ መግፈፉና መበለቱ ግን የብዙ ሰው ድካም ነው። ጎረቤቶቻቸው ሥጋውን ስለሚበሉ ርኩስ ናቸው እያሉ ከማዕዳቸው አያቀርቧቸውም ነበር፤ ከዚያው ከጉማሬ ቆዳ የተሠራውን አለንጋ ግን በእጃቸው ይዘው በቅሎ ይነዱበት ነበር። አለንጋው አልረከሰም ማለት ነው!

እኔም ዓሣውን እየወደድሁ፣ እጁ ዓሣ ዓሣ የሚሸተውን ሰው ዋጋ ለመቀነስ የደፈርሁት ያን ንቀት ወርሼ ይሆን? ለሐኪም ቢላዋ እኮ ሳልከራከር እከፍላለሁ።

50 ብሩን ሰጠሁት። ሲቀበለኝ ግን ቀና ብሎ አላየኝም።