ተቃዋሚ ፓርቲና የቃል ዕዳ

ተቃዋሚ ፓርቲ ለመራጭ የሚያሳየው ሥራ የለውም። ገዥው ፓርቲ መንገድ ከሠራ መንገዱን ያሳያል፤ ካልሠራም ቢያንስ የመሠረት ድንጋዩን ያሳያል። የተቃዋሚው ሀብት ቃሉ ብቻ ነው። "ተቃዋሚ ፓርቲ መልእክቱን እንዴት ግልጽ ያድርግ?" የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የማስታወቂያ ጥበብ ጉዳይ ተደርጎ ይወሰዳል፤ ሥሩ ሲታይ ግን የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው። ገና ያልተደረገ ነገር አምኖ ድምፁን ለሚሰጥ ሰው ምን ያህል እውነት ይነገረዋል?

ግልጽ መልእክት ሲባል ብዙዎች አጭር መፈክር ይታያቸዋል። ያጠረ ሁሉ ግን ግልጽ አይደለም። "ለውጥ" አንዲት ቃል ናት፤ ሥራ አጡ ደመወዝ፣ ነጋዴው የግብር ቅናሽ፣ ገበሬው ርካሽ ማዳበሪያ ይሰማባታል፤ የተናገራትም ለአንዳቸውም ምንም አልገባም። ሌላው መለኪያ ማለትም መልእክቱ በቀላሉ መያዙ ለማስታወቂያ ሠራተኛ ይበቃ ይሆናል። ለመራጭ የሚበጀው መለኪያ ግን ሌላ ነው። መራጩ ነገ ፓርቲውን "ብለህ ነበር" ብሎ ሊይዝበት የሚችለው ቃል ግልጽ ነው፤ ሊይዝበት የማይችለው፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ድፍን ነው። "ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ" የሚለው የጥንት ተረት በዘመኑ ጆሮ ቢከብድም የቃልን ዕዳነት ከዚህ አጥብቆ የያዘ አባባል ማግኘት ያስቸግራል።

ይህ ጭንቀት አዲስ አይደለም። ፕላቶ "ጎርጊያስ" በተሰኘው ምልልሱ ሶቅራጥስን ሲያናግረው የንግግር ጥበብን ከወጥ ቤት ሙያ ጋር ያመሳስለዋል። ሐኪሙ የሚመርር መድኃኒት ይሰጣል፤ ወጥ ሠሪው የሚጣፍጠውን ያቀርባል። ሁለቱ በሕፃናት ዳኞች ፊት ቢካሰሱ ማን እንደሚረታ መገመት አይከብድም። አርስቶትል ከመምህሩ ለዘብ ይላል። በንግግር ጥበብ ላይ በጻፈው መጽሐፍ ሦስተኛ ክፍል የአነጋገር የመጀመሪያው ምግባር ግልጽነት መሆኑን ያስቀምጣል፤ ነገሩን ያላሳየ ንግግር ሥራውን አልሠራምና። ለአርስቶትል መራጭ ሕፃን አይደለም፤ ነገሩ በቅጡ ከቀረበለት መፍረድ የሚችል ሰው ነው። ተቃዋሚ ፓርቲ ከሁለቱ በአንዱ ማመን አለበት፤ ምርጫውም ሳይነገር ከመግለጫዎቹ አፈጣጠር ይታወቃል።

አፈጣጠሩን ለማየት የፓርቲ ፕሮግራሞች የለመዱትን ዓይነት አንድ ዓረፍተ ነገር መውሰድ ይበቃል፦ "የኑሮ ውድነቱን ከመሠረቱ ለመቅረፍ ዘርፈ ብዙና የተቀናጁ እርምጃዎች ይወሰዳሉ።" የሚወስደው ማን ነው? መቼ? በማን ወጪ? አማርኛ ተደራጊ ግስን አመቻችቶ ሰጥቷል፤ "ይወሰዳሉ"፣ "ይደረጋል"፣ "ይረጋገጣል" ባሉ ቁጥር ባለቤቱ ከዓረፍተ ነገሩ በኋላ በር ይወጣል። ያው ሐሳብ በሌላ መንገድም ሊጻፍ ይችላል፦ "ፓርቲያችን መንግሥት ከመሠረተ በመጀመሪያው በጀት ከምግብ ዘይት ላይ ቀረጥ ያነሳል፤ የሚጎድለውን ገቢ ከቅንጦት መኪና ግብር ይሸፍናል።" ሁለተኛው ከመጀመሪያው ብዙም አይረዝምም። ግን ባለቤት፣ ጊዜና ዋጋ አለው። መኪና አስመጪውንም ያስቀይማል። ግልጽ ቃል ሁልጊዜ የሚያስቀይመው ሰው አለ፤ ማንንም የማያስቀይም የምርጫ ቃል ሲገኝ መጠርጠር ደግ ነው።

እዚህ ላይ የአማርኛ ተናጋሪው ባህል የራሱ ፈተና አለው። ከቤተ ክህነት የቅኔ ቤት የወጣው ሰምና ወርቅ ነገርን ሸፍኖ መናገርን ከፍ ያለ ጥበብ አድርጎ አሳድጎታል፤ ሰሙ ለሁሉ ይታያል፣ ወርቁ ለሚፈታው ብቻ። ሳንሱር በበረታበት ዘመን ይህ ጥበብ ሰው አትርፏል ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ጸሐፊው የተናገረውን ተናግሮ፣ ሲጠየቅ "እኔ ስለ ዝናቡ ነው የጻፍኩት" ማለት ይችል ነበር። ችግሩም ይኸው መውጫ ነው። ከጠያቂ የሚያድን ቃል ከመራጭም ያድናል። ወርቁን ፈቶ የመረጠ ሰው ኋላ ሲከፋው በእጁ የሚቀረው ሰሙ ነው። በእርግጥ የሚናገር ሰው በሚታሰርበት አገር ተቃዋሚን "በግልጽ ለምን አልተናገርክም" ብሎ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። የምርጫ ሜዳ በተከፈተ ጊዜ ግን ልማዱ ከአደጋው ዕድሜ በላይ ይቆያል።

ከሽፍንፍኑ አነጋገር ይልቅ አስቸጋሪ የሚሆነው ተናጋሪው ግልጽ መስሎት ሰሚው ሌላ የሚሰማበት ቃል ነው። በኢትዮጵያ ፖለቲካ "አንድነት" ዋናው ምሳሌ ነው። አንዱ በቃሉ ውስጥ እኩልነትና ጉርብትና ይሰማል፤ ሌላው የአያቱ ቋንቋ ከፍርድ ቤትና ከትምህርት ቤት የተባረረበትን ሥርዓት መመለስ። "ብሔር ብሔረሰቦች" የሚለውም በተራው ለአንዱ መታወቂያው፣ ለሌላው የመለያየት አዋጅ ነው። "እኛ እንደዚያ ማለታችን አይደለም" ማለት አያድንም፤ የተነገረው ነገር ግማሹ ያለው በሰሚው ዘንድ ነውና። ቃሉን ትቶ በቃሉ ሥር ያለውን መናገር ይሻላል፦ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ይቀየራል ወይስ አይቀየርም? ዳኛው በምን ቋንቋ ይፈርዳል?

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ፈተና አለ፤ ለየአዳራሹ የተለያየ ቃል መስጠት። አማኑኤል ካንት እ.ኤ.አ. በ1795 ስለ ዘላለማዊ ሰላም በጻፈው ድርሳን የሰዎችን መብት የሚነካ ማንኛውም ድርጊት፣ መርሑ በአደባባይ ሲወጣ የማይቆም ከሆነ፣ ፍትሐዊ እንዳልሆነ ይከራከራል። ፈተናው ለተቃዋሚ ፓርቲ በትክክል ይሠራል። ጅማ ላይ በአፋን ኦሮሞ የተነገረው በማግስቱ ጎንደር ላይ በአማርኛ ተተርጉሞ ቢነበብ ተናጋሪው አንገቱን ይደፋል? ከደፋ መልእክቱ አልጠራም፤ በትርጉም ተደበቀ እንጂ።

የተቃዋሚ ሁሉ ቀላሉ ግልጽነት "አይ" ማለት ነው። የዚህ ብርታትም ጉድለትም እ.ኤ.አ. በ1988 በቺሊ ታይቷል። ጄኔራል ፒኖሼ ለተጨማሪ ስምንት ዓመት ይግዙ ወይስ አይግዙ በሚለው ሕዝበ ውሳኔ ተቃዋሚዎች በየምሽቱ 15 ደቂቃ የቴሌቪዥን ጊዜ አገኙ። ከአሥር የሚበልጡ ፓርቲዎች ነበሩ፤ ስለ ኢኮኖሚም ሆነ ስለ ሶሻሊዝም አይስማሙም። የተስማሙት በአንዲት ቃል ነበር፤ "አይ"። አርማቸው ቀስተ ደመና፣ ቃናቸው ደስታ ሆነ፤ ይህም በአገዛዙ የተገደሉትን ያቃለለ የመሰላቸውን አስቆጥቷል። ደስታው መሐል ግን አንድ ትዕይንት ገባ፦ በጥንድ የሚጨፈረውን ኩዌካ፣ ባሎቻቸውና ልጆቻቸው ታፍነው የጠፉባቸው ሴቶች ብቻቸውን ጨፈሩት። ከሳሽ ንግግር አልነበረም፤ ከጎናቸው ያለው ባዶ ቦታ በቂ ነበር። በኦክቶበር መጀመሪያ 56 በመቶ ያህሉ "አይ" አለ። ሆኖም "አይ" የሚለው ቃል ከዚያ ወዲያ ስለሚሆነው ያስቀመጠው ነገር አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. የ1980ው ሕገ መንግሥት በማሻሻያ ቀጠለ፣ ፒኖሼም እስከ እ.ኤ.አ. 1998 የምድር ጦሩ አዛዥ ሆነው ቆዩ።

በኢትዮጵያ የ1997ቱ ምርጫ ለዚሁ ጥያቄ ቅርቡ ምሳሌ ነው። የተቃዋሚዎች ጥምረት የሆነው ቅንጅት ለአንድነትና ለዴሞክራሲ መኢአድን፣ ኢዴፓ መድኅንን፣ ቀስተ ደመናንና የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ሊግን ያሰባሰበ ነበር። የተመረጠለት ምልክት ሁለት ጣት ነበር። ፊደል ላልቆጠረ መራጭ በድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ከወቅቱ ገዥ ፓርቲ ንብ አጠገብ ሁለት ጣት ማየት ይበቃው ነበር፤ ምልክቱ ደግሞ ወረቀት አላስፈለገውም፣ በታክሲ መስኮት የሚወጣ እጅ ይሸከመው ነበር። ሚያዝያ 30 ቀን መስቀል አደባባይን የሞላው ሕዝብ ያሳየው ይህንኑ ነበር። በቴሌቪዥን የተላለፉት ክርክሮች ደግሞ ምልክቱ የማይሸከመውን ጨመሩ፤ በተለይ የመሬት ጥያቄን። ቅንጅት የግል የመሬት ባለቤትነት ይፈቀድ ሲል ገዥው ፓርቲ "ገበሬው መሬቱን ሸጦ ከተማ ይሰደዳል" ብሎ መለሰ። ሁለቱም ወገን ምን እንደሚያደርግ ተናግሯል፤ አድማጩ በየመሸታ ቤቱ ተከራክሮ መፍረድ ችሏል። እንዲህ ያለ ክርክር በአገሪቱ ታሪክ ብርቅ ነው።

በምርጫው ቀን፣ ግንቦት 7፣ አዲስ አበባ ከከተማው ምክር ቤት 138 ወንበሮች 137ቱን ለቅንጅት ሰጠች። በአገር አቀፍ ደረጃ የተገለጸው ውጤት ግን ለገዥው ፓርቲ የበላይነቱን ሰጠ፤ ውዝግቡ ወደ ጎዳና ወጣ፤ በሰኔ 1997ና በጥቅምት 1998 በተፈጠረው ግጭት፣ ግጭቱን ያጣራው ኮሚሽን እንደመዘገበው፣ 193 ሲቪሎች ተገደሉ። በዚህ መሐል አንድ ጥያቄ ተነሳ፤ በምርጫ ዘመቻው ጊዜ መልስ ያልተዘጋጀለት ጥያቄ፦ ውጤቱን ባንቀበለው ምን እናደርጋለን? ፓርላማ መግባት የመራጩን አደራ መወጣት ነው ያሉ ነበሩ፤ አደራውን መሸጥ ነው ያሉም ነበሩ። ሁለቱም ወገን የሚጠቅሰው ያንኑ የሕዝብ ድምፅ ነበር። ገሚሶቹ ገቡ፣ ገሚሶቹ ቀሩ፣ መሪዎቹ ታሰሩ። ሁለት ጣቱን ያወጣው መራጭ ድምፁን ሲሰጥ ስለዚህ ጉዳይ ያለው ነገር አልነበረም፤ አልተጠየቀምና።