ያላሰብነው ጉዳት ማንን ይጠይቃል?

አንድ ሰው ጎረቤቱን ለመጉዳት አስቦ ድንጋይ ቢወረውር ጥፋተኛ መሆኑን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። በዚህ የሚከራከር የለም። ክርክር የሚነሳው ሰውየው ምንም ሳያስብ፣ ምንም ሳይወረውር፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሳለ ጎረቤቱ ሲጎዳበት ነው። እጁን አላነሳም፤ ክፉ ቃል አልተናገረም፤ ልቡም ንጹሕ ነው። ታዲያ ይህ ሰው በአላህ (ሱ.ወ.) ዘንድም ሆነ በሰው ዘንድ ይጠየቃል ወይስ አይጠየቅም?

ጥያቄው ከባድ ይመስላል፤ ነገር ግን መልሱን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በዘመናችን በብዙ ቤቶች ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚገኘውን ኤር ኮንዲሽነር፣ ይልቁንም ከኋላው የሚወጣውን ቀጭን ቱቦ መመልከት ይበቃናል።

በድሬዳዋ፣ በሰመራ፣ በጅቡቲ፣ እንዲሁም ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባቸው በጅዳና በዱባይ ይህ መሣሪያ እንደ ቅንጦት አይታይም። በበጋው ሙቀት ሕፃን የሚያስተኛ፣ በሽተኛ የሚያሳርፍ ጸጋ ነው። ብዙ ሰው ሥራው ሙቀትን ማባረር ብቻ ይመስለዋል። ሆኖም ዊሊስ ካሪየር የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1902 መሣሪያውን የነደፈው ለሰው ምቾት አልነበረም፤ በኒውዮርክ ብሩክሊን በነበረ አንድ ማተሚያ ቤት ወረቀት ያበላሽ የነበረውን የአየር እርጥበት ለመቆጣጠር ነበር። ይኸው ጠባዩ ዛሬም አብሮት አለ። ሞቃትና እርጥብ አየር በመሣሪያው ውስጥ ያለውን ቀዝቃዛ ቧንቧ ሲነካ፣ በቀዝቃዛ ብርጭቆ ላይ ጤዛ እንደሚቋጠር ሁሉ ወደ ውኃነት ይለወጣል። ውኃው ከሥር ባለው ገበታ ይጠራቀምና በቱቦው ወደ ውጭ ይወርዳል። እንደ ጅዳ ባለ የባሕር ዳርቻ ከተማ፣ አየሩ በረጠበ ቀን፣ ከአንድ ቤት ብቻ በባልዲ የሚለካ ውኃ ይወጣል።

ይህ ውኃ በራሱ ክፉ አይደለም። ከአየር የወረደ ነው። በመንገድ ሲያልፍ ልብሱ ላይ ጠብ ያለበት ሰው ነጃሳ ነክቶኝ ይሆን ብሎ መጨነቅ የለበትም፤ ፉቀሃዎች እርግጠኛ ነገር በጥርጣሬ እንደማይሻር አስተምረዋልና። ጉዳቱ የሚጀምረው የውኃው መንገድ ሲዘጋ ነው።

የቱቦው ውስጥ ጨለማና እርጥብ ነው። ከፊልተሩ ያመለጠ አቧራ ከውኃው ጋር ይገባበታል። ከጊዜ በኋላ አልጌና ሻጋታ የሚሙለጨለጭ ዝቃጭ እየሆኑ ይጠቀጥቁታል። አንዳንዴም ነፍሳት ጎጆ ይሠሩበታል፤ አንዳንዴም ሲገጠም ቁልቁለቱ ሳይጠበቅለት ቀርቶ ታጥፏል። ውኃው የሚሄደው በራሱ ክብደት ስለሆነ ቱቦው በየ1 ሜትሩ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ እያለ መውረድ አለበት። መንገድ ያጣ ውኃ ግን ጠፍቶ አይቀርም። ገበታውን ሞልቶ ይፈስና ግድግዳውን ይዞ ይወርዳል። በታችኛው ቤት ኮርኒስ ላይ መጀመሪያ ቡናማ ክብ ይታያል። ቀጥሎ ቀለሙ ይላላጣል፤ ጂፕሰሙ ያብጥና ይፈርሳል፤ ከዚያ ሻጋታው ይመጣል። አስም ያለበት ልጅ ካለ ሌሊቱን ሲያስለው ያድራል። ውኃው የኤሌክትሪክ ሽቦ ካገኘ ደግሞ የባሰ አደጋ ያስከትላል።

አንዳንዱም ቱቦውን ከማስጠረግ ይልቅ ከሥሩ ባልዲ ደቅኖ ይረሳዋል። የዴንጊን ትኩሳት የምታስተላልፈው ትንኝ የምትፈልገው ይህንኑ ነው፤ እንቁላሏን የምትጥለው በቤት አካባቢ በተጠራቀመ ጥቂት ውኃ ውስጥ ነውና። በሽታው በጅዳ እ.ኤ.አ. በ1994 ታይቷል፤ በ2013 ደግሞ በድሬዳዋ ብዙ ሰው አስተኝቷል። ትንኟ የባልዲውን ባለቤትና ጎረቤቱን ለይታ አትነድፍም።

እንግዲህ የላይኛው ቤት ሰው «ጣራዬ አበላሸህብኝ» ሲባል ምን ይመልሳል? ብዙውን ጊዜ ከሦስት መልሶች አንዱን ይሰጣል። ሦስቱንም እንመርምራቸው።

የመጀመሪያው «አስቤ አላደረግኩትም» የሚለው ነው። እውነቱን ነው፤ አላሰበም። ዲናችንም ኒያን የሥራ ሁሉ መሠረት አድርጓል። ነገር ግን ዑለሞቻችን ወንጀልንና ካሳን ለያይተው አስቀምጠዋል። በእንቅልፉ ተገላብጦ የሰው ዕቃ የሰበረ ሰው ወንጀለኛ አይባልም፤ የዕቃውን ዋጋ ግን ይከፍላል። ሕፃን ልጅ የሰው ንብረት ቢያጠፋ ወንጀል አይጻፍበትም፤ ካሳው ግን ከሕፃኑ ገንዘብ ይወጣል። ንጹሕ ኒያ ባለቤቱን ከወንጀል ያድነው ይሆናል እንጂ የጎረቤቱን ኮርኒስ አያድንም።

ቡኻሪ የዘገቡት የመርከቡ ምሳሌ እዚህ ላይ ይታወሰናል። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ከፊሎቹ ከላይ ከፊሎቹ ከታች ስለተሳፈሩ ሰዎች አስተምረዋል። የታችኞቹ ውኃ ለመቅዳት ወደ ላይ በወጡ ቁጥር የላይኞቹን ማስቸገር ሆነባቸው፤ ስለዚህ በራሳቸው ድርሻ በኩል መርከቡን መብሳት አሰቡ። ይህን ሐዲስ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ልብ የማንለው ግን የታችኞቹ ሰዎች ኒያ መልካም እንደነበረ ነው። ሰው ላለማስቸገር ነበር ያሰቡት! መልካም ኒያቸው ግን መርከቡን ከመስጠም የሚያድነው አልነበረም። የሚያድነው የላይኞቹ እጃቸውን መያዝ ብቻ ነበር።

ሁለተኛው መልስ «አላወቅኩም» የሚለው ነው። ይህ ከመጀመሪያው ይልቅ ክብደት አለው። በሐነፊ ፊቅህ ወደ መንገድ ስላዘነበለ ግድግዳ የሚነገር የታወቀ ጉዳይ አለ። ግድግዳው ሳይታሰብ ቢወድቅና ጉዳት ቢያደርስ ባለቤቱ አይጠየቅም። አስቀድሞ «ግድግዳህ አዘንብሏል፣ አፍርሰው» ተብሎ ተነግሮት፣ ለማደስም ጊዜ አግኝቶ ሳለ ችላ ካለው ግን ይከፍላል። እ.ኤ.አ. ከ1869 እስከ 1876 የተዘጋጀው የዑስማንያ መንግሥት ሕግ፣ መጀለቱል አሕካም፣ ይህንኑ በ928ኛው አንቀጹ አስፍሮታል። ስለዚህ ጎረቤት በሩን አንኳኩቶ ከነገረው ቀን ጀምሮ ያ ሰው «አላወቅኩም» የማለት መብቱ አብቅቷል። ከዚያ በኋላ የምትወርደው እያንዳንዷ ጠብታ በስሙ የምትጻፍ ናት።

ይሁንና ሕግ ከማስጠንቀቂያው የሚጀምረው ምስክር ስለሚያስፈልገው ነው። ሕሊናም እስከዚያ ድረስ ይጠብቃል ወይ? አለማወቅ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሊታወቅ የማይችለውን አለማወቅ ነው፤ ሌላው ላለማየት ፊትን ማዞር ነው። ኤር ኮንዲሽነር ያለው ሰው መሣሪያው ውኃ እንደሚያወጣ ያውቃል። ውኃው የት እንደሚሄድ ጠይቆ የማያውቅ ከሆነ አለማወቁ የራሱ ምርጫ ነው። ፉቀሃዎች ጥቅሙን የሚያገኝ ሰው ጉዳቱንም ይሸከማል የሚል መርሕ አላቸው። ቅዝቃዜው ለእኔ፣ ውኃው ለጎረቤቴ ማለት በየትኛውም ሚዛን ፍትሕ አይሆንም።

ሦስተኛው መልስ «የአላህ ቀደር ነው፤ ምን ይደረግ?» የሚለው ነው። ይህ ከሦስቱም አደገኛው ነው፤ ኢማን መስሎ ይመጣልና። በቀደር ማመን የኢማን ማዕዘን መሆኑ አያጠራጥርም። ነገር ግን ቀደር ለተጎዳው ሰው መጽናኛ ነው እንጂ ለጎዳው ሰው መሸሸጊያ አይደለም። ጣራው የፈረሰበት ሰው «ቀደሬ ነው» ብሎ ቢታገሥ አጅር ያገኝበታል። ያፈረሰው ሰው ያንኑ ቃል ቢናገር ግን የራሱን ስንፍና ወደ ጌታው ማስጠጋቱ ነው። ደመወዙ ሲቆረጥበት በቀደር ዝም የማይል ሰው፣ በጎረቤቱ ጉዳት ላይ ብቻ ስለ ምን ቀደርን ያስታውሳል?

በታች ያለው ሰውስ? እሱም ድርሻ አለው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጉዳትን ብቻ ሳይሆን ጉዳትን በጉዳት መመለስንም ከልክለዋል። ኢማም አሕመድ በሙስነዳቸው ያስተላለፉት አንድ ዘገባ አለ። ዑመር (ረ.ዐ.) በጁሙዓ ቀን ልብሳቸውን ለብሰው ሲያልፉ ከዓባስ (ረ.ዐ.) ቤት አሸንዳ ደም የተቀላቀለበት ውኃ ፈሰሰባቸው። አሸንዳው እንዲነሳ አዘዙ፤ ተመልሰውም ልብሳቸውን ቀየሩ። በኋላ ዓባስ ያንን አሸንዳ እዚያ ያኖሩት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው መሆናቸውን ነገሯቸው። ዑመርም ዓባስ በጀርባቸው ላይ ወጥተው አሸንዳውን ወደ ቦታው እንዲመልሱ አጥብቀው ጠየቁ፤ ተደረገም። የሙእሚኖች መሪ፣ ልብሳቸው የተበላሸባቸው እሳቸው ሆነው ሳለ፣ የባለ አሸንዳውን መብት ባወቁ ጊዜ ጀርባቸውን መሰላል አደረጉ። እኛስ ቱቦውን በጨርቅ ከመወተፋችን፣ ወይም በደረጃ ላይ ከመሳደባችን በፊት በሩን አንኳኩተን ሰላምታ አቅርበን እንናገራለን?

ሌላም ልንዘነጋው የማይገባ ነገር አለ። በዐረብ አገር ቤቶች እንዲህ ያለው ጽዳት ብዙውን ጊዜ በቤት ሠራተኛዋ ላይ ይጣላል። እሷም ከኢትዮጵያ የሄደች እህታችን ልትሆን ትችላለች። ውጭ ያለውን ቱቦ እንድትጠርግ በፎቅ መስኮት ጫፍ ላይ ማቆም ጎረቤትን ከጠብታ ለማዳን ነፍስን አደጋ ላይ መጣል ነው። ጉዳት በሚብስ ጉዳት አይወገድም።

መፍትሔው ቀላል ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ፊልተሩን በወር አንድ ጊዜ ማጠብ፤ አቧራ በበዛበት ወቅት ደግሞ ቶሎ ቶሎ። በየጥቂት ወሩ መብራቱን አጥፍቶ በቱቦው መግቢያ አንድ ስኒ አቼቶ መጨመርና ቆይቶ በውኃ ማውረድ። ከተዘጋም ባለሙያ ጠርቶ ከውጭኛው ጫፍ በቫኪዩም ማስመጠጥ። በረኪናና አቼቶ ግን በፍጹም አይቀላቀሉ፤ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራሉ። ምልክቱም ግልጽ ነው፤ አየሩ በረጠበ ቀን መሣሪያው እየሠራ ከውጭኛው ጫፍ ውኃ ካልወረደ፣ ውኃው ሌላ መንገድ እየፈለገ ነው ማለት ነው። ተከራይ ከሆኑ ደግሞ ለአከራይ ወዲያው መንገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ያየ ሰው ዝም ካለ እሱም ከተጠያቂነቱ ድርሻ ይወስዳል።

ውድ አንባቢያን! ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከኢማን ቅርንጫፎች ዝቅተኛው አስቸጋሪ ነገርን ከመንገድ ማንሳት መሆኑን ነግረውናል። እሾህና ድንጋይ ብቻ ያሉት መንገድ አለ ብለን አናስብ። ከእኛ ቤት ወደ ጎረቤታችን ቤት የሚደርስ ማንኛውም ነገር፣ ድምፅም ይሁን ጭስ፣ ውኃም ይሁን ሽታ፣ በመንገድ ላይ ነው። ያላሰብነው ጉዳት ማንን ይጠይቃል? ሊያስብበት ይገባው የነበረውን ሰው ይጠይቃል። አላህ (ሱ.ወ.) ጎረቤቶቻችን ከእጃችንና ከምላሳችን ብቻ ሳይሆን ከችላ ባይነታችንም ሰላም የሚያገኙብን ያድርገን። አሚን።