ሙያ በልብ፣ ነጥብ በወረቀት

«ፒችትሪ ትችያለሽ?» አልኳት።

«ትንሽ ትንሽ እሞክራለሁ» አለች፤ ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ፣ ድምፅዋ ከጉሮሮዋ ሳይወጣ።

ከጎኔ የተቀመጠው ባልደረባዬ እስክሪብቶውን አነሳና «የሶፍትዌር ችሎታ» ከሚለው መስመር ፊት ለፊት 4 ጻፈ። ከ10። እኔ 5 ሰጠኋት፤ ቸርነት መሆኑ ነው።

የሒሳብ ሠራተኛ ለመቅጠር ሦስት ሆነን የተቀመጥንበት ቃለ መጠይቅ ነበር። (ባለቤቱ የሶፍትዌሩን ስም ከቀየረው ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የእኛ አገር የሥራ ማስታወቂያ ግን ዛሬም «ፒችትሪ» ይላል፣ ነገም ሳይል አይቀርም።) ከእርሷ በፊት የገባው ወጣት ለዚያው ጥያቄ የሰጠው መልስ «ጠንቅቄ ነው የማውቀው፤ ከፈለጋችሁ አሁኑኑ ላሳያችሁ» የሚል ነበር። 9 አገኘ። ሳያሳየን።

ከሰዓት በኋላ የተግባር ፈተና ሰጠን። አንድ ትራያል ባላንስና ጥቂት ደረሰኞች አድለን፣ የጎደለውን አሟልታችሁ ሚዛኑን አምጡ አልናቸው። ዴቢትና ክሬዲቱ እኩል መምጣት ነበረበት፤ አልመጣም። አንዱ ተፈታኝ ላብ በላብ ሆነ። ሌላው ልዩነቱን «ልዩ ልዩ ወጪ» ውስጥ ወሽቆ ወረቀቱን አስረከበ፤ በሥራ ዘመኔ ብዙ ጊዜ ያየሁት መድኃኒት ነው። ልጅቷ ከሃያ ደቂቃ በኋላ እጇን አወጣች።

«ይቅርታ፣ ምናልባት እኔ ተሳስቼ ይሆናል» ብላ ጀመረች። ከዚያ ጣቷን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች፤ ድምፅዋም ሌላ ሆነ። «ልዩነቱ 3,600 ነው። ለ9 ይካፈላል። ለ9 ሲካፈል ብዙ ጊዜ አሃዝ ተገላብጦ ነው። የቢሮ ኪራዩ ደረሰኙ ላይ 8,450 ነው፤ እዚህ 4,850 ተብሏል።»

ያን ቁጥር የተየብኩት እኔ ነኝ።

ሁለት አሃዞች ቦታ ሲለዋወጡ የሚፈጠረው ልዩነት ምንጊዜም የ9 ብዜት ነው። የድሮ ሒሳብ ሹሞች ለጀማሪ የሚያስተምሩት፣ ኮምፒውተር ከመጣ ወዲህ ብዙው ሰው የረሳው ዘዴ ነው። ልጅቷ ግን በጣቷ ጫፍ ታውቀዋለች። ያን ስትናገር «ትንሽ ትንሽ» የሚል ቃል ካፏ አልወጣም፤ ጠረጴዛውንም አላየችም። በተግባሩ አንደኛ ወጣች። ከጠዋቱ ነጥብ ጋር ሲደመር ሁለተኛ ሆነች። በቃለ ጉባኤው ላይ «ተጠባባቂ» ተብላ ተጻፈች፤ ፈርሜያለሁ።

ያን ዕለት ማታ በጆሮዬ ሲያቃጭል ያደረው «ሙያ በልብ ነው» የሚለው ተረት ነው። እናቴ ይህን የምትለው ከትምህርት ቤት የተሸለምኩትን ደብተር ለጎረቤት ሁሉ ሳሳይ ስታየኝ ነበር። በቁጣ አልነበረም፤ ደብተሩን ከእጄ ወስዳ መሶቡ ሥር ታስቀምጠዋለች። እኔም ተምሬ ዝም አልኩ። ልጅቷም ከመሰል እናት የተማረችውን ነው ይዛ የመጣችው። ታዲያ የታዘዘችውን በፈጸመች እንዴት 4 አገኘች?

ተረቱ የተወለደበትን ቤት ሳስበው መልሱ ትንሽ ይገለጥልኛል። ሴትዮዋ ዶሮ ሠርታለች እንበል። ሽንኩርቱን ከሌሊት ጀምራ አቁላልታለች፣ 12ቱን ብልት አሳምራ አውጥታለች። መሶቡ ሲከፈት ግን «ምንም የለውም እኮ፣ ጨውም ሳይበዛበት አልቀረም፤ እንዲያው ለአፍ ያህል ቅመሱት» ትላለች። እንግዳው «እውነትሽን ነው፣ በዝቶበታል» ቢል ዳግመኛ እዚያ ቤት አይጠራም። የሚለው ሌላ ነው፤ «ኧረ እጅሽን ቁርጥማት አይንካው!» እርሷ ዝቅ ያደረገችውን እርሱ ያነሳዋል። ሽማግሌ ሲገባ «ኖር!» ብለን እንነሳለን፤ እርሱም «በእግዚአብሔር!» ብሎ ያስቀምጠናል። ሠርግ ቤት በር አጠገብ የተቀመጠውን ሰው «ኧረ ወደ ላይ!» ብሎ የሚጎትተው አይጠፋም፤ እንዲያውም በር አጠገብ የተቀመጠው ጎታች እንደሚመጣ አውቆ ነው። ትሕትናችን የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ይጥላል፣ ሌላው ያነሳል።

በዚያ ላይ ወጡ ራሱ አለ። ይቀመሳል። ሸማኔውን ጋቢው፣ አራሹን ማሳው ያስመሰክርለታል፤ መንደሩ ሁሉ ዓመቱን ሙሉ ሲያይ ይከርማል። ሙያው በልብ ቢደበቅም ዓይን አያጣም።

ቃለ መጠይቅ ግን የማይተዋወቁ ሰዎች የሃያ ደቂቃ ገበያ ነው። «ትንሽ ትንሽ» ስትለን «ኧረ ተይ፣ አንቺማ!» የሚላት አልነበረም። ቃሏ ጠረጴዛው ላይ ወድቆ ቀረ፤ እኛም አነሳነውና 4 ብለን መዘገብነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ አዲስ ሠራተኛን እስከ 60 የሥራ ቀናት በሙከራ እንዲያይ ይፈቅዳል። ልቡ ውስጥ ሙያ ላለው ሰው 60 ቀን ይበቃዋል፤ ችግሩ እዚያ ለመድረስ መጀመሪያ ሃያ ደቂቃዋን በአፉ መሻገር አለበት።

እናቴን ላለመበደል ልጨምር። አገራችን አንድ ተረት ይዛ አትኖርም። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ያለውም ይኸው ሕዝብ ነው። ደጅ ጥናት ወራት ሲፈጅ ያየ ሰው ያወጣው መሆን አለበት። ይህኛው ተረት ግን መናገር እንዳለብህ እንጂ እንዴት እንደምትናገር አይነግርህም፤ የእኛ ጭንቀት ደግሞ እንዴቱ ላይ ነው። ዝም ያለ ይቀርበታል፤ የተናገረ ጉረኛ ይባላል።

እንዴቱን ያገኘሁት ባልጠበቅኩት ቦታ ነው፤ ፉከራ ውስጥ። ያ ራሱን የማያወድስ ጨዋ ሰው ከጦርነት ሲመለስ ንጉሡ ፊት እየዘለለ፣ ጦሩን እየሰበቀ «ዘራፍ!» ይል ነበር። ታዲያ ማንም ጉረኛ አላለውም። ለምን? አንደኛ፣ ግዳዩን ይጥላል፤ ማስረጃው መሬት ላይ ይታያል። ደግሞም አብረውት የዘመቱት እዚያው ቆመው ይሰሙታል፤ ቢዋሽ ያውቁበታል። ሌላው ደግሞ ራሱን ሲጠራ በጌታው ስም ነው። ምኒልክ በፈረሳቸው ስም አባ ዳኘው ይባሉ ነበርና፣ የእርሳቸው ሰው «የአባ ዳኘው አሽከር!» እያለ ይፎክራል። ክብሩን ለብቻው አይወስድም፤ ከአንድ ትልቅ ነገር ሥር ቆሞ ነው ከፍ የሚለው።

ጠዋት የሰማኋቸውን መልሶች በዚህ ስመዝናቸው አንድ ነገር አስተዋልኩ። ጉራ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው በቅጽል በኩል ነው፤ «ጎበዝ»፣ «ጠንካራ»፣ «ታታሪ»። ልጅቷ «ፒችትሪ ላይ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ደመወዝና ንብረት ይዤበታለሁ፤ የውጭ ምንዛሪውን ክፍል ግን ነክቼው አላውቅም» ብትል ኖሮ አንድ ቅጽል የለበትም። ግሱና ቁጥሩ ብቻቸውን ይሠራሉ። የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ደግሞ ከትሕትና ይልቅ ሐቅ ናት፤ የፊተኛውን የሚያሳምነውም እርሷው ናት። «እሞክራለሁ» ስንል ግን ትሑት ለመሆን ብለን እየዋሸን ነው። ትሕትናችን ውስጥ ያለውን ይህን ውሸት እናቶቻችን ጨዋነት ብለው አሳለፉልን፤ ሒሳብ ሠራተኛ ግን በሁለቱም አቅጣጫ መዋሸት የለበትም። ካዝና ውስጥ ያለውን አሳንሶ ማሳየትም ጉድለት ነው።

እዚህ ላይ ብጨርስ ደስ ባለኝ፤ ነገሩ ተስተካክሎልኝ ነበር። ያልተስተካከለልኝ የዚያኑ ዕለት ሦስተኛ ተፈታኝ ነች። እርሷ ግዳይዋን ይዛ ነው የመጣችው። «የቀድሞ መሥሪያ ቤቴ የሁለት ዓመት ሒሳብ ሳይዘጋ ተከምሮ ቆየኝ፤ በሰባት ወር ዘጋሁት» አለች። ብቻዋን እንደሆነ ጠየቅናት። «አይ፣ አንድ ረዳት ነበረኝ፤ ደረሰኞቹን በቀን በቀን የደረደረው እርሱ ነው።» ከዚህ የተሻለ ፉከራ ከየት ይመጣል? ማስረጃ አለ፣ ባልደረባ ተመስግኗል፣ ቅጽል የለም። ዓይናችንን እያየች ነው የተናገረችው።

ስትወጣ ባልደረባዬ «ትንሽ ትዕቢት ቢጤ ሳይኖራት አይቀርም» አለ። ጠዋት ያን «ጠንቅቄ» ባዩን ወጣት «ቆፍጣና ነው» ያለው ይኸው ሰው ነው። እኔም ዝም አልኩ፤ ነጥቤ ላይ አንድ ቀንሼ ነበርና።

ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በተፈታኞቹ አፍ ላይ መጫን አልችልም። «ሙያ በልብ ነው» ለሁሉም እኩል አይነገርም። አማርኛችን ውስጥ «ባለሙያ ናት» ሲባል ወጥ ማሳመሯ፣ ዝምታዋ፣ አንገት መድፋቷ ተጠቅልሎ ይገባል። ወንዱ ሲናገር ወኔ፣ ሴቷ ስትናገር ዓይን አውጣነት ይሆናል፤ እኛ ሰብሳቢዎቹ ደግሞ ያንን ከቤታችን ይዘን መጥተን «በራስ መተማመን» በሚል መስመር ላይ ነጥብ አድርገን እንሞላዋለን። ቅጹ ላይ «ዓይን ለዓይን ማየት» የሚል ነጥብ ያስቀመጥነው እኛ፣ ልጅ ሳለን ትልቅ ሰው ፊት ዓይናችንን ስላነሳን የተቆነጠጥነውም እኛው። ኩራትን ከትዕቢት፣ ትዕቢትን ከጉራ የሚለይ ቋንቋ ይዘን፣ ጠረጴዛ ዙሪያ ስንቀመጥ ሁሉንም «ትንሽ ትዕቢት ቢጤ» እንለዋለን።

ከዚያ ወዲህ ቅጹን አስቀየርኩ፤ የተግባሩ ፈተና ጠዋት ሆነ፣ ጥያቄውም ከወረቀቱ ይነሣል። «ራስሽን ግለጪልን» የሚለውን አወጣሁት። «ደካማ ጎንህ ምንድን ነው?» የሚለውንም አወጣሁት፤ «ሥራ ሳልጨርስ እንቅልፍ አይወስደኝም» የሚል መልስ ሰልችቶኛል። ሰው ስለ ራሱ ሲጠየቅ ወይ ያብጣል ወይ ያንሳል። ስለ ሥራው ሲጠየቅ ግን፣ ያቺ ልጅ ጣቷን ወረቀቱ ላይ እንዳሳረፈችው፣ ራሱን ይረሳል።

«ጠንቅቄ» ያለውን ወጣት ቀጠርነው። ተረት ወዳዶች ጉረኛው ተዋረደ የሚል ጨዋታ ጠብቀው ከሆነ ይቅርታ፤ ልጁ ጥሩ ሠራተኛ ወጣው። ፒችትሪውንም እንዳለው ያውቀዋል።

ከአራት ወር በኋላ ሌላ ቦታ ተከፈተና ተጠባባቂዋ ጋ ደወልኩ። ከየት እንደምደውል ነግሬያት ጉዳዩን አስረዳኋት። አመሰገነችኝ፤ ሥራ ማግኘቷን ነገረችኝ።

«ደስ ይላል፤ ምን ላይ ተቀጠርሽ?» አልኳት።

«የሒሳብ ክፍሉን በኃላፊነት ሰጥተውኝ ነው» አለችና ትንሽ ዝም ብላ፣ «እንግዲህ… ትንሽ ትንሽ እየሞከርኩ ነው።»

«ኧረ ተይ፣ አንቺማ!» አልኳት።