ከሁሉ አስቀድሞ ምን? የሕዝብ እንደራሴ ኅሊናና የጉባኤው ዘመን



ሁለት ሰዎች ተጣልተው ዱላ ለመሰናዘር ሲቃረቡ፣ አንድ መንገደኛ «በሕግ አምላክ!» ቢል ሁለቱም እጃቸውን ይሰበስቡ እንደ ነበር አባቶቻችን ይነግሩናል። ሕግ ከሰው ፈቃድ በላይ የሆነ ዳኛ እንዳለው ያመነ ሕዝብ፣ ሕግ የሚያወጣውንም ሰው ሥራ እንደ ተራ ሥራ ሊቆጥረው አይችልም።

በጊኒር ከቅዳሴ በኋላ አንድ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «አባ፣ መርጠን የላክነው ሰው አዲስ አበባ ሲደርስ አስቀድሞ የማንን ጉዳይ ያንሣ? የእኛን መንገድና ውኃ ነው ወይስ የአገሩን ሁሉ?» ጥያቄው ስለ ፖለቲካ ብቻ የሚመስላቸው ይኖራሉ። እኔ ግን የኅሊና ጥያቄ ሆኖ አገኘሁት።

ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ዓመታዊ ጉባኤ ከመስከረም ወር የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ጀምሮ እስከ ሰኔ 30 ቀን እንዲቆይ ይደነግጋል፤ በመካከሉም የአንድ ወር ዕረፍት ይፈቅዳል። አዲሱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ስለሚገባ፣ የአገሪቱ ገንዘብ ለምን እንደሚውል የሚወሰነውም በዚያው ጥድፊያ ውስጥ ነው። ጊዜው የተወሰነ ነው፤ ጉዳዩ ግን ብዙ ነው። ስለዚህ አንዱን ማስቀደም ሌላውን ማቆየት ይሆናል።

ይኸው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54 የምክር ቤቱ አባል የመላው ሕዝብ ተወካይ መሆኑን ይናገራል፤ ተገዢነቱንም ለሦስት ነገሮች ይወስነዋል፦ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው። በዚህ ዝርዝር ውስጥ የፓርቲ ስም አልተጻፈም፤ የመረጠው ወረዳም ለብቻው አልተጠቀሰም። በአንድ አካባቢ ድምፅ የተመረጠው ሰው የሁሉ አደራ ተሸካሚ ሆኗል ማለት ነው።

የባሌ ደጋ ገበሬ ቅደም ተከተል ምን እንደ ሆነ ከማንም አይማርም። ዝናብ በዓመት ሁለት ጊዜ ቢመጣለትም፣ መሬቱ በረጠበበት ሳምንት አጥር ሲያጥር አይገኝም። አጥር ነገም ይታጠራል፤ ያለፈ የዘር ወቅት ግን አይመለስም። ስለዚህ የሚያስቀድመው ቢዘገይ የሚጠፋውን ነው።

ይህን ማስተዋል የጎደለው ጉባኤ ምን እንደሚያስከትል የራሳችን ታሪክ ይመሰክራል። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት በሕዝብ እንዲመረጡ ፈቅዶ ነበር። ነገር ግን ዕጩ ለመሆን ንብረት ያስፈልግ ስለ ነበር፣ ጭሰኛው ድምፁን ቢሰጥም ወንበሩ ለእርሱ የራቀ ነበር። የባለመሬትንና የጭሰኛን ግንኙነት ለማሻሻል የተዘጋጀው ረቂቅ ሕግ በተደጋጋሚ ተነሥቷል። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማው ወጥተዋል። ሆኖም ረቂቁ ሳይጸድቅ የ1966 ዓ.ም. አብዮት ደረሰ።

በዚያው ዘመን፣ ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. ገደማ፣ ባሌ በገበሬዎች ዐመፅ ትታመስ ነበር። መንስኤው ብዙ ቢሆንም የመሬት ጉዳይ፣ የግብር ጫናና የሹማምንት በደል ከዋናዎቹ መካከል ነበሩ። ያ ረቂቅ ቢጸድቅ ኖሮ ደም ባልፈሰሰ ነበር ልል አልደፍርም። ነገር ግን ጉባኤው የተቀመጠው ለሕዝቡ ነገር ከሆነ፣ ከዚህ የሚቀድም ምን ነበረው? ረቂቁን ባለማንሣት ማንም እጁን በክፋት አላነሣም፤ ቀጠሮ ብቻ ተሰጠ። እኛ በቅዳሴ ኃጢአታችንን ስንናዘዝ፣ ባደረግነው ብቻ ሳይሆን ማድረግ ሲገባን በተውነውም እንደምንናዘዝ እናስታውስ።

ቅዱስ ቶማስ ዘአኩዊኖ ሕግ ለጋራ ጥቅም የሚደረግ የአእምሮ ሥርዓት መሆኑን አስተምሯል። እንግዲህ የእንደራሴው የመጀመሪያ መለኪያ ይህ ነው፦ ጉዳዩ የብዙዎች ነውን? ሁለተኛው ገበሬው ያስተማረን ነው፦ ቢዘገይ የሚጠፋ ሕይወት፣ የሚፈርስ ቤት አለን? ሦስተኛውም፦ ከእኔ በቀር የሚናገርለት አለን? ባለሀብቱ ደጅ የሚጠናበት አቅም አለው፤ የታረዘውና ወላጅ አልባው ግን ጉባኤው ካላስታወሰው የሚያስታውሰው የለም።

«ታዲያ የመረጡትን ሰዎች መንገድ ይርሳ?» የሚል አይጠፋም። አይርሳ። ወላድ እናት ከሐኪም ዘንድ ሳትደርስ በመንገድ የምትሞትበት ወረዳ ካለ፣ ያ መንገድ በሦስቱም መለኪያ ከፊት ይቆማል። ነገር ግን መንገዱን የሚጠይቀው «የእኔ አገር ነው» ብሎ ሳይሆን የሰው ሕይወት ስለ ሆነ ነው፤ ይኸው ጭንቅ በሌላ ክልል ከባሰ ለዚያ ለማስቀደም ዝግጁ መሆን አለበት። መልእክተኛ የተባለውን ብቻ ያደርሳል፤ እንደራሴ ግን ከተባለው በላይ ያመዛዝናል።

ይህ ዋጋ ያስከፍላል። ቅዱስ ቶማስ ሞር እ.ኤ.አ. በ1523 የእንግሊዝ ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ሳለ፣ አባላቱ ያለ ፍርሃት እንዲናገሩ ንጉሡን ለመነ፤ በ1535 ኅሊናውን አልሸጥም በማለቱ ተሰየፈ። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ2000 የመንግሥት ሰዎችና የፖለቲከኞች ጠባቂ ቅዱስ ብለው ሰይመውታል።

ወገኖቼ፣ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት እየሳቅን የምንደግም እኛም ከበደሉ ነጻ አይደለንም። እንደራሴው ወደ ወረዳችን ሲመጣ «ለእኛ ምን አመጣህ?» ብለን ብቻ ከጠየቅነው፣ ሌላውን እንዲረሳ ያስተማርነው እኛው ነን። ከዚህ ጋር «ማን ሳይሰማ ቀረ? ስለ እርሱስ ምን ተናገርህ?» ብለን እንጠይቀው። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም ይህን ጥያቄ ለልጆቻችን አስለምዷቸው፤ ነገ በዚያ ወንበር የሚቀመጠው ከእነርሱ መካከል ሊሆን ይችላልና።

ንጉሥ ሰሎሞን ምን እንዲሰጠው እንደሚሻ እግዚአብሔር በጠየቀው ጊዜ፣ ከዕድሜና ከሀብት አስቀድሞ ሕዝቡን የሚዳኝበት አስተዋይ ልብ ለመነ። ሕግ ለሚያወጡልን ሁሉ ይህንኑ ልብ እንለምንላቸው።