የማያስከፍል ናፍቆት

ባለፈው ጥቅምት ከሚሴ ሄጄ፣ ልጅ ሆነን የምንወጣውን ከከተማዋ በስተምዕራብ ያለውን ኮረብታ ከአብሮ አደጌ ጋር ወጣሁት። ወጣሁት ማለት እንኳን ይከብዳል፤ እሱ ወጣ፣ እኔ እያረፍኩ ተከተልኩት። ሃምሳን ያለፈ ጉልበት እንደ ትዝታ አይፈጥንም።

አናቱ ላይ ስንደርስ የጨፋ ሸለቆ እግራችን ሥር ተዘረጋ። ቦርከና ከደሴና ከኮምቦልቻ በኩል ወርዶ፣ ረግረጉን እያረሰረሰ ወደ አዋሽ ያዘግማል። ቄጤማው ለምልሟል፣ ማሽላው አንገቱን ደፍቷል። «እንዴት ያምራል! አዲስ አበባ ሆኜ ስንቴ በሕልሜ አየሁት መሰለህ» አልኩት።

አብሮ አደጌ ዝም ብሎ ቆየና፣ «አንተን የሚናፍቅህ ጋራው ነው። ጋራ ደግሞ ለቅሶ ድረሰኝ አይልም» አለኝ።

ገባኝ። እናቱ ከልጆቻቸው ሳይለዩ ያበሉኝ ሴት ነበሩ። ሲሞቱ ስልክ ደውዬ አጽናናሁና ነገሩን ዘጋሁት። በጦርነቱ ምክንያት መንገድ ተዘግቶ ነበር ብዬ እንዳላመካኝ፣ ያ የሆነው በ2014 ነው፤ እሳቸው ያረፉት በ2015፣ አውቶብስ መመላለስ ከጀመረ በኋላ። ከአዲስ አበባ ከሚሴ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ናት። የአንድ ቀን መንገድ!

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር «ውበትን ለማየት ራቅ ማለት ያስፈልጋል» እያልኩ ተማሪዎቼን አሰለች ነበር። ካንትን እጠቅስላቸዋለሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ፣ የውበት ደስታ ከጥቅም ፍላጎት ነፃ ነው ያለውን። እንዲያው ሳስበው ግን ከጥቅም ነፃ መሆንና ከዕዳ ነፃ መሆን አንድ ናቸው እንዴ? ከኮረብታ ላይ የሚታይ አገር ምንም አያስከፍልም። ለዚህ ይሆን የምንወደው?

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ልጅ ሆነን ቄጤማ የምናጭድበት ረግረግ ከፊሉ ታርሷል። «ይሄን ደግሞ ማን አበላሸው?» አልኩ፣ አፌን ሳልገታ። «ልጆቼ» አለኝ። ምን እላለሁ? የኔ ትዝታ እንዳይደበዝዝ የሱ ልጆች መሬት አልባ ይሁኑ? የሌላውን ኑሮ የራስ ሥዕል ፍሬም አድርጎ መያዝ ስስት እንጂ ፍቅር አይደለም።

ይሁንና ረግረጉ ባለቤት የለውም ማለቴ አይደለም። በጋው ሲጠና ከአፋር ቆላ አርብቶ አደሩ ከብቱን እየነዳ ወደ ጨፋ ይመጣል። ሣርና ውኃ የሚያገኘው እዚያ ነው። ረግረጉ ተጠርምሶ ቢያልቅ የት ይሄዳል? «ይቅር» የማለት መብት ካለ ከኔ ትዝታ ይልቅ ለሱ ከብት ይገባል። በኦሮምኛ «ጨፌ» ረግረጋማ መስክም፣ ሰው ተሰብስቦ የሚመክርበት ጉባኤም ማለት ነው። ሣሩን የሚፈልጉ ብዙ ሲሆኑ ምክር ግድ ይላል። አልፎ ሂያጁ አድናቂ ግን ከምክሩ ውስጥ ወንበር የለውም፤ ለቅሶም ደቦም አያውቅማ!

ታዲያ የልጅነትን አገር መናፈቅ ኃጢአት ነው? አይመስለኝም። ባይናፍቀኝ ኖሮ ያን ቀን እንኳ አልሄድም ነበር። ናፍቆት ግን የግብዣ ወረቀት ነው፤ ወረቀቱን እያዩ መደሰት ድግሱን እንደ መታደም አይቆጠርም። አገሬን እወዳለሁ የምንል ሰዎች፣ የምንወደው ሰዉን ነው ወይስ ከሩቅ የሚታየውን መልክ? መለያው ቀላል ይመስለኛል፦ መጨረሻ የሄድነው ለምን ነበር?

ከኮረብታው ወርደን ቤቱ ገባን። እናቱ ይቀመጡበት የነበረው መደብ ባዶውን አለ። ከዓመታት በኋላ ለቅሶ ደረስኩ፤ የምለው ጠፍቶኝ አንገቴን ደፋሁ። «አብሽር» አለኝ፣ እንደ ወሎ ሰው ወግ። ማጽናናት የሚገባኝ እኔ ነበርኩ።